የተሸጠችው ፍየልና የመግሪብ ዓይን

አሳይታ ላይ አንድ አባት የምትታለብ ፍየሉን ሸጦ ለልጁ የቫይታሚን ሽሮፕ ገዛ። የምጽፈው የሰማሁትን አይደለም። ጠርሙሱን ተቀብዬ፣ ደጃፉ ላይ ካለው ጥላ ሥር ቆሜ፣ የተለጠፈበትን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አንብቤያለሁ። ልጁ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ቀን ቀን እንደ እኩዮቹ ይሯሯጣል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ግድግዳ መዳሰስ ይጀምራል፤ ከመግሪብ በኋላ የእናቱን ልብስ ካልያዘ አይራመድም። የፍየሎቹ ማሰሪያ ገመድ ጠልፎት ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ ግንባሩ ላይ ጠባሳው አለ።

አባትየውን ወደ መድኃኒት መደብር የላከው በየስልኩ የሚዞር መልእክት ነው። የእህቱ ልጅ አነበበለት፤ ኋላ ለእኔም አሳየኝ። መልእክቱ በአፋር ምድር አትክልት ስለማይበላ ሕዝቡ ቫይታሚን አያገኝም ይላል፤ ወተት ሆድ ይሞላል እንጂ ቫይታሚን የለውም ብሎ ይቀጥልና ልጁን የሚወድ ሽሮፕ ይግዛ ብሎ ይደመድማል። ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ሦስት ስህተት።

ልጁን የያዘው ዳፍንት ነው። ለዳፍንት የሚያስፈልገው ቫይታሚን ኤ ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ደግሞ ቢ ኮምፕሌክስ ነው፤ ቫይታሚን ኤ ጠብታ እንኳ የለበትም። በተሸጠችው ፍየል ወተት ውስጥ ግን ነበረ።

ይበልጥ የከነከነኝ ይህ በዳጉ አገር መሆኑ ነው። አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቆም ብሎ፣ አረፍ ብሎ ወሬ ይለዋወጣል፤ ወጉ ዳጉ ይባላል። በዳጉ ያየኸውን ካየኸው፣ የሰማኸውን ከሰማኸው ለይተህ ትናገራለህ። ከማን ሰማህ? መቼ? የት? ትባላለህ። የቀጠፈ ሰው ስሙ ይበላሻል፣ ከዚያ በኋላ የሚያምነው የለም። ያንን መልእክት ግን ማን ጻፈው? ማንን አይቶ? ማንም አልጠየቀም። በዳጉ ወግ ቢጠየቅ ኖሮ ከሎግያ ከተማ ሳያልፍ በቀረ ነበር።

መሠረታዊውን ነገር ቶሎ ልለፈው። ቫይታሚኖች 13 ናቸው። አራቱ፣ ማለትም ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ፣ በስብ ይሟሟሉ፤ ዘጠኙ በውኃ። ሰውነታችን ወይ ጭራሽ አይሠራቸውም፣ ወይ የሚበቃውን ያህል አይሠራም፤ ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ ከምግብ እንለቅማቸዋለን። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1912 ያወጣው ፖላንድ የተወለደው ካዚሚር ፈንክ ነው። ቫይታሚን ዲን ቆዳችን በፀሐይ ይሠራዋል፤ አሳይታ ደግሞ ፀሐይ አልነፈጋትም። ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው፤ በዚህ በኩል ወተት ጠጪው አርብቶ አደር ከብዙ ከተሜ ይሻላል። የቀሩትን ሌላ ጊዜ። ዛሬ የያዘኝ የልጁ ዓይን ነው።

በዓይናችን ጀርባ፣ ሬቲና በሚባለው ስስ ሽፋን ላይ፣ ብርሃን የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት አሉ። ቀለም የሚለዩት በአንድ ዓይን ወደ 6 ሚሊዮን ይሆናሉ፤ የሚሠሩት በደህና ብርሃን ነው። ሌሎቹ ወደ 120 ሚሊዮን የሚጠጉ ናቸው፤ ዘንግ ይመስላሉ፣ ቀለም አያውቁም፣ በጭላንጭል ግን ያያሉ። ማታ ገመዱን የሚያሳዩን እነዚህ ዘንጎች ናቸው። በእያንዳንዱ ዘንግ ውስጥ ሮዶፕሲን የሚባል ነገር ተደርድሮ ይገኛል። ሮዶፕሲን የሁለት ነገር ጥምር ነው፤ ኦፕሲን የተባለ ትልቅ ፕሮቲንና በመሀሉ የተሸጎጠ ሬቲናል የተባለ ትንሽ ሞለኪውል። ሬቲናል ማለት ቫይታሚን ኤ ነው፣ ለዓይን ሥራ ተዘጋጅቶ።

ዳቦይታ የተባለው የአፋር ቤት ሲተከል ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የአፋር ሴቶች ቀጭን እንጨት ጎብጦ እንዲቆም አድርገው ያስራሉ፤ ሰሌኑ በላዩ ይለብሳል፤ የቤቱ ቅርጽ በጎባጣው እንጨት ተይዞ ይቆማል። ኦፕሲን ሰሌኑና ማሰሪያው ነው፤ ሬቲናል ጎባጣው እንጨት ነው። እንግዲህ አንዱ እንጨት ድንገት ማሰሪያውን በጥሶ ቀጥ ቢል ምን ይሆናል? ቤቱ በሙሉ ቅርጹን ይለውጣል፤ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ብርሃን የሚያደርገው ይህንን ነው። አንዲት የብርሃን ቅንጣት ጎባጣውን ሬቲናል ስትነካው ከአንድ ትሪሊዮንኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቀጥ ይላል፤ ኦፕሲኑ ተገፍቶ ቅርጹን ይለውጣል። ማየት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ዓይን ብርሃንን የሚያውቀው አንድ ጎባጣ ነገር ስለቀና ብቻ ነው! ይህን በተናገርኩ ቁጥር ይደንቀኛል፤ ሃያ ዓመት አስተምሬዋለሁ፣ ዛሬም አልለመድኩትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዳጉ ነው። ቅርጹን የለወጠው አንዱ ኦፕሲን አጠገቡ ላሉ በርካታ መልእክተኛ ፕሮቲኖች ይነግራል፤ እነሱም በተራቸው ለሌሎች ያዛምታሉ፤ በአንዲት ቅንጣት ብርሃን የተጀመረው ወሬ ወደ አንጎል የሚያመራ ምልክት እስኪሆን ድረስ ይባዛል። ለዚህ ነው ጨረቃ በሌለበት ሌሊት፣ በከዋክብት ብርሃን ብቻ፣ አርብቶ አደር መንገዱን የማይስተው።

የቀናው ሬቲናል ግን እዚያው ሊጎብጥ አይችልም። ከኦፕሲኑ ይወጣል፤ ከሬቲና ኋላ ወዳለው ሌላ የሕዋስ ንጣፍ ይሄዳል፤ እዚያ እንደገና ይጎብጥና ይመለሳል። ይህን ዑደት የፈታው ጆርጅ ዋልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ሬቲና ውስጥ ቫይታሚን ኤ መኖሩን አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ከሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የዑደቱን ሥራ ያለ መሣሪያም ማየት ይቻላል። በአሳይታ የቀትር ፀሐይ ቆይታችሁ ጨለም ወዳለ ቤት ግቡ። መጀመሪያ ምንም አይታያችሁም፤ ፀሐዩ ጎባጣዎቹን ሁሉ አቅንቶ ጨርሷቸዋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ምንጣፉ፣ ከዚያ ጀበናው፣ ከዚያ በጥግ የተቀመጡት አሮጊት ይታያሉ። ዘንጎቹ ሙሉ በሙሉ እስኪያገግሙ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

በየዙሩ ጥቂት ሬቲናል ይባክናል፤ ምትኩ በደም ይመጣል። ምትክ ካልመጣ የጎባጣዎቹ ቁጥር ይሳሳል። ቀን ላይ ብርሃኑ እንደ ጎርፍ ስለሆነ ጉድለቱ አይታወቅም። በመግሪብ ግን እያንዳንዱ ጎባጣ ይፈለጋል። ልጁ ገመዱን ያላየው ለዚህ ነው።

(ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ዳፍንት የሚለውን ለማንኛውም የዓይን ድካም ሲጠቀምበት እሰማለሁ። አያቶቻችን ግን ለይተው ነበር የሚያውቁት፤ ቀን እያየ ሲመሽ የሚታወር ሰው ዳፍንታም ይባል ነበር። ይህን የመሰለ ትክክለኛ ቃል እያለን በየስብሰባው በፈረንጅ ስም የምንጠራው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። እናት የምትነግርህ በዚህ ቃል ነው፤ ቃሉን ካላወቅህ በሽታውን አትሰማም።)

ዳፍንት የዓይን ጉዳይ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አልጮህም ነበር። ቫይታሚን ኤ የዓይንን፣ የመተንፈሻንና የአንጀትን እርጥብ ሽፋን ይጠብቃል። ሲጎድል ሽፋኑ እንደ ውጪ ቆዳ ይደርቃል፤ በዓይን ነጭ ላይ አረፋ የመሰለ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ሲብስ ብሌኑ ራሱ ይቆስልና ዓይን ይጠፋል። አልፍሬድ ሶመር የተባለ የዓይን ሐኪም ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሕፃናትን ሲከታተል ዳፍንት ያለባቸው ከሌሎቹ ይልቅ በብዛት እንደሚሞቱ አስተዋለ፤ ይህን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመው የአቼ ሙከራ ደግሞ ቫይታሚን ኤ በተሰጠባቸው መንደሮች የሕፃናት ሞት 34 በመቶ ቀንሶ መገኘቱን አሳየ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ሕፃናት 38 ያህሉ በደማቸው ያለው ቫይታሚን ኤ ከሚገባው በታች መሆኑን አግኝቷል። ያ አረፋ መሰል ነጠብጣብ 1.7 በመቶው ላይ ታይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት 0.5 በመቶን ሲያልፍ የሕዝብ ጤና ችግር ነው ይላል።

ታዲያ ፍየል እያለው ልጁ እንዴት ጎደለበት? አባትየውን የጠየቅሁት ይህንን ነው። መልሱ ቀስ እያለ ወጣ። ወተቱ ጠዋት ጠዋት ለሻይ ቤት ይሸጥ ነበር፤ ልጁ የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ቀይ ሻይ ነው፣ የሚበላው ቂጣ። ከጥቂት ወራት በፊት ደግሞ ኩፍኝ ይዞት ነበር።

ኩፍኝ የሚለውን ስሰማ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነልኝ። ከሰውነታችን ቫይታሚን ኤ አብዛኛው የሚቀመጠው ጉበት ውስጥ ነው። ጉበት ጎተራ ነው፤ ኩፍኝ ያንን ጎተራ በፍጥነት ያራቁተዋል። በዚያ ላይ ጎተራው ውስጥ ያለው በራሱ አይራመድም። ቫይታሚን ኤ ከጉበት ወጥቶ በደም የሚጓዘው አንድ ፕሮቲን ተሸክሞት ነው። ከዳሎል ጨው በግመል እንደሚወጣ ማለት ነው፤ አሞሌው ተጠርቦ ቢከመርም ግመል ካልመጣ ገበያ አይደርስም። ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ፕሮቲንና ዚንክ ስለሚያጥረው ግመሎቹን መሥራት ያቅተዋል። ስለዚህ የቫይታሚን ነገር ከጠቅላላው ምግብ ተነጥሎ በጠርሙስ የሚፈታበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ቫይታሚን ኤ ከየት ይመጣል? አንዱ ምንጭ ተክል ነው፤ ሌላው እንስሳ። ሁለቱ ግን እኩል አይደሉም። ተክል ቤታ ካሮቲን የሚባል ቢጫ፣ ብርቱካንማ ወይም በአረንጓዴ የተሸፈነ ቀለም ይሰጠናል፤ ገና ቫይታሚን አልሆነም። አንጀታችን ቆርጦ ይለውጠዋል። በተንዳሆ ሜዳ ጥጥ ሲበቅል ኖሯል፤ ጥጥ ግን ገና ጋቢ አይደለም፣ መዳመጥና መፈተል አለበት። ካሮት ጥጥ ይሰጥሃል። ፍየል ግን ቅጠሉን ግጣ፣ ራሷ ፈትላ፣ ፈትሉን በወተቷ ትሰጥሃለች።

እዚህ ላይ ሌላ የተሳሳተ ወሬ አለ፦ ቢጫ ያልሆነ ምግብ ቫይታሚን ኤ የለውም የሚል። የላም ቅቤ የሚቢጨው ላም ካሮቲኑን ሁሉ ስለማትለውጥ፣ የተረፈው በስቡ ውስጥ ስለሚቀር ነው። ፍየል ሁሉንም ትለውጣለች፤ ስለዚህ ወተቷም ቅቤዋም ነጭ ነው፣ ቫይታሚኑ ግን አለ። ነጭነቱ ሥራው ማለቁን ነው የሚያሳየው። ደህና የጋጠች ፍየል በሊትር 500 ማይክሮግራም ገደማ ቫይታሚን ኤ ታስገኛለች። የስድስት ዓመት ልጅ በቀን 400 ይበቃዋል። ግማሽ ሊትር ወተት ከፍላጎቱ ከግማሽ በላይ ይሸፍንለታል ማለት ነው፤ ከስቡ ጋር፣ ከፕሮቲኑ ጋር፣ በአንድ ዕቃ።

«ደህና የጋጠች» ያልኩት በከንቱ አይደለም። ካርማ የሚባለው ዝናብ ዘንቦ ምድሩ ሲለመልም ቅጠሉ በካሮቲን ይሞላል፤ ወተቱም እንዲሁ። በረጅሙ በጋ ሣሩ ሲነጣ ካሮቲኑ በፀሐይ ይቃጠላል፣ ወተቱም ይሳሳል፣ መጠኑም ያንሳል። ዝናብ ሲቀር የሚጠፋው ሣር ብቻ አይደለም፤ ከወራት በኋላ በሕፃን ዓይን ላይ ይታያል። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃም ዛፍ የአዋሽን ዳር ግጦሽ እየበላው መሆኑን የሥነ ምኅዳር ጉዳይ ብቻ አድርገው የሚያወሩትን ስሰማ ዓይኔ ፊት የሚመጣው ያ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ፣ ወደ ሥነ ምግብ፣ ክርክር ልግባ፤ እዚህ ረጋ ብዬ መናገር አለብኝ።

ከተክል የምንበላው ቤታ ካሮቲን ምን ያህሉ ቫይታሚን ኤ ይሆናል? ተማሪ ሳለን ስድስት ካሮቲን አንድ ሬቲኖል (ቫይታሚን ኤ) ይሆናል ተብለን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ የሕክምና ተቋም ቁጥሩን ወደ ዐሥራ ሁለት አሳደገው፤ ማለትም የተክሉን ዋጋ በግማሽ ቀነሰው። መነሻ ከሆኑት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ የኢንዶኔዥያ ጥናት ነው፤ ጠቆር ያለ ቅጠላ ቅጠል በየቀኑ የተሰጣቸው የሚያጠቡ እናቶች ቫይታሚናቸው እንደተጠበቀው ከፍ አላለም። ለቅጠል ብቻ ከሆነ ዐሥራ ሁለትም በዝቷል፣ ሃያና ከዚያ በላይ ነው የሚሉ አሉ። በዘይት የበሰለ ካሮት ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው። እንደ ሰው፣ እንደ አንጀት ጤና፣ እንደ አበሳሰል ይለያያል። አዋሽን አስቡት። ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1200 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ ቆቃ ላይ ይገደባል፣ መተሐራ ይጠጣዋል፣ አሚባራና ተንዳሆ ይቀዱታል፣ የቀረው አሳይታን አልፎ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል፤ ባሕር አይደርስም። ካሮቲንም ከቅጠሉ ሕዋስ እስከ ደም ባለው መንገድ እንዲሁ ነው። ጥቂቱ በቅጠሉ ግድግዳ ታስሮ ይቀራል፣ ስብ ባለመኖሩ ጥቂቱ ሳይሟሟ ያልፋል፣ ጥቂቱን የአንጀት ጥገኛ ትል ያስቀረዋል።

ይህን ያልኩት ጎመንን ለማጣጣል አይደለም። ጎመን ፎሌት የተባለ ቫይታሚን አለው፤ ፎሌት ለነፍሰ ጡር ከሁሉ የሚቀድም ነገር ነው፤ የፍየል ወተት ደግሞ በፎሌት ድሃ ነው። ለዚህም ጭምር ነው ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ከእናት ጡት ሌላ ምንም አይሰጥ የምንለው፤ የፍየል ወተት እንኳ። ነገር ግን አትክልት ያልበላ ሕዝብ ቫይታሚን ኤ የለውም የሚለው ሰው ነገሩን ገልብጦ ነው የያዘው።

ሁለተኛው ክርክር ስለ ቫይታሚን ኤ እንክብል ነው። በዘመቻ የሚሰጠው ሰማያዊው 100 ሺህ ዩኒት ነው፣ ከ6 እስከ 11 ወር ላሉት፤ ቀዩ 200 ሺህ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ለሚሆኑት፤ በየስድስት ወሩ። የአቼን ውጤት ጠቅሻለሁ። ሕንድ ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን ሕፃናት የተካተቱበት ሙከራ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ሲታተም የሞቱ መቀነስ 4 በመቶ ብቻ ነበር፤ በስታቲስቲክስ ሚዛን የሚያስተማምን አይደለም። አንዳንድ ባልደረቦቼ እንክብሉ ጊዜው አልፏል፣ ገንዘቡ ወደ ምግብ ይዙር ይላሉ። ሌሎች የሕንዱ ሙከራ አፈጻጸሙ ላልቶ ነበር ይላሉ። ጉድለቱ ሰፊ በሆነበት፣ ኩፍኝ በሚመላለስበት ቦታ ዕድሜው የደረሰ ሕፃን ሁሉ እንክብሉን ይውሰድ ባይ ነኝ፤ ጉድለቱ በጠበበበት ቦታ ግን የባልደረቦቼን ሐሳብ አልንቅም። እንክብሉ ጎተራውን ለወራት ይሞላል እንጂ እርሻ አይሆንም። እንዲህ ስል በሁለቱም ወገን የሚቀየሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ።

ሦስተኛው ነጥብ የጉበት ነው። አያቴ ለዳፍንት የፍየል ጉበት ትጠብስ ነበር፤ በመጀመሪያ እንፋሎቱን ዓይን ታሳጥናለች፣ ከዚያ ታበላለች። ከሦስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈው የግብፆች የሕክምና ፓፒረስም የበሬ ጉበት ያዛል። ማጠኑ ምንም አያደርግም፤ መብላቱ ግን መድኃኒት ነው። መቶ ግራም የከብት ጉበት 5000 ማይክሮግራም ገደማ አለው፤ ለልጅ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ቁራጭ የአንድ ቀኑን ትሸፍናለች። ስለበዛ ግን አይሻልም። በውኃ እንደሚሟሟትና እንደሚወጡት ቫይታሚኖች አይደለም፤ በጉበት ይከማቻል፣ ከበዛ ይመርዛል፣ ነፍሰ ጡር ብዙ ጉበት ብትበላ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። በሳምንት አንዴ ትንሽ ትበቃለች።

ስለ ግመል ወተት ሳልናገር ካለፍኩ አሳይታ አትፈቅድልኝም። ያለ ብርቱካን ቫይታሚን ሲ አይገኝም የሚል ሌላ ወሬም አለ። ግመል ብርቱካን አትበላም፤ ቫይታሚን ሲን ራሷ ከስኳር ትሠራዋለች። ፍየልም እንዲሁ። ያ ችሎታ የጠፋው ከእኛ ነው፣ ከጦጣና ከጥቂት ሌሎች እንስሳት ጋር። የግመል ወተት በሊትር ከ25 እስከ 50 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ይዞ ይገኛል፤ ከላም ወተት ብዙ እጥፍ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ሼፊልድ ውስጥ በፈቃደኞች ላይ የተደረገ ሙከራ በቀን 10 ሚሊግራም ብቻ ስኩርቪን፣ በቫይታሚን ሲ ማጣት የሚመጣውን በሽታ፣ እንደሚከላከልና እንደሚፈውስ አሳይቷል። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት፤ ግማሽ ሊትር ይበቃል። በረሐ ለበረሐ ያለ ሎሚ የኖረ ሕዝብ ድዱ ያልደማው ለዚህ ነው።

ተቃራኒውን ታሪክም እናውቃለን። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ወደ ሶማሊያና ሱዳን የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን በካምፕ ውስጥ በስኩርቪ ተመቱ። የሚሰፈርላቸው ደረቅ እህል፣ ባቄላና ዘይት ነበር። ካምፕ ውስጥ የቆዩበት ጊዜ በረዘመ መጠን በሽታው በዛ። ቫይታሚን ሲ ሲጎድል ሰውነት ኮላጅን የሚባለውን ገመድ በደንብ መግመድ ያቅተዋል፤ ድድ ይደማል፣ መገጣጠሚያ ያብጣል፣ የዳነ ጠባሳ እንኳ ይከፈታል። ያንን በሽታ ያመጣው የአርብቶ አደሩ ምግብ አልነበረም፤ ወተትና ትኩስ ምግብ ማጣት ነበር። አሳይታ ዛሬ ከኤርትራ የመጡ አፋሮች የተጠለሉበት ካምፕ አላት፤ ስለ ራሽን የሚወስን ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ።

ጥሬ ወተት ጠጡ ማለቴ ግን አይደለም። ብሩሴላ የሚባለው ባክቴሪያ በግመልና በፍየል ጥሬ ወተት ይተላለፋል፤ ለወራት የሚመላለስ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል። ወተቱ አንዴ ገንፈል ሲል ማውረድ ነው። ከቫይታሚን ሲው የተወሰነው ይሞታል፤ ድስቱ እሳት ላይ በቆየ ቁጥር የሚሞተው ይበዛል። ቫይታሚን ኤው ግን ይህን ያህል አይነካም። የግመል ወተት በበኩሉ በቫይታሚን ኤ ከላምም ከፍየልም ያንሳል። ግመሏ ሲውን፣ ፍየሏ ኤውን፤ አፋር ሁለቱን አብሮ የሚያረባው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ወደ ከተማዋ ገበያ ደግሞ ወጣሁ። አሳይታ ከአዋሽ በላይ በከፍታ የተቀመጠች፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ሰመራ እስኪዛወር ድረስ የክልሉ መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት፤ ወንዙ ዳር ይታረሳል። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ በቆሎ፣ ተምር አየሁ። ቃሪያዋን ማንም አያወድሳትም፤ አንዲት ደህና ቃሪያ በቫይታሚን ሲ ከብርቱካን አታንስም። ተምሩን ሁሉም ያወድሰዋል፤ ተምር ጉልበት ነው፣ ግን ሲም ኤም የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነጩ በቆሎ ካሮቲን የለውም። ቀዩ በርበሬ ካሮቲን የሞላው ነው፤ ገንፎ ላይ በቅቤ ሲፈስ ደግሞ የሚሟሟበትን ስብ ይዞ ይወርዳል፤ ይህን ያወቀ ማን እንደሆነ ባላውቅም እጁን ይባርከው። በከረጢት ታሽጎ የሚመጣው የሽፈራው ዱቄት ከብርቱካን ስንት እጥፍ ቫይታሚን ሲ አለው የሚለው ወሬ እዚህም ደርሷል። ትኩስ ቅጠሉ አለው፤ ደርቆ የተፈጨው ግን አብዛኛውን አጥቷል። እርጥብን በደረቅ ሚዛን ማወዳደር ነጋዴ እንጂ ሳይንስ አያደርገውም።

አንድ ነገር ቆም አድርጎ አሳዘነኝ። በየሱቁ ደጃፍ የምግብ ዘይት ጀሪካን በፀሐይ ተደርድሯል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 የምግብ ዘይት በቫይታሚን ኤና ዲ እንዲበለጽግ አስገዳጅ አድርጓል፤ ጥሩ አደረገ። ቫይታሚን ኤ ግን ብርሃንና ሙቀት አይወድም። በሚያሳልፍ ፕላስቲክ፣ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ፀሐይ፣ ቀናት ሲቆይ እየተበላሸ ይሄዳል። ጀሪካኑን ወደ ውስጥ፣ ወደ ጥላው ማስገባት ዋጋ አይጠይቅም። ሦስት ባለሱቆችን ለመንኩ፤ አንዱ ወዲያው አስገባ።

ከአባትየውና ከልጁ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አባትየው «ዶክተር» እያለ ይጠራኛል፤ ሐኪም አለመሆኔን፣ የተማርኩት ሥነ ምግብ መሆኑን ብነግረውም አልተወኝም። ነርሷ የልጁን ዓይን በባትሪ አየች፤ ነጠብጣቡ በግራ ዓይኑ ጥግ ነበር። ለሕክምና የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤ እዚያው አስዋጠችው፤ ለነገውና ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሚሰጠውም ቀጠሮ ጻፈች። በመንገድ ጉበት ገዛን። ሽሮፑን ምን ላድርገው አለኝ። መርዝ አይደለም፣ ግን ለዚህ አይደለም አልኩት። ዝም አለ። «ፍየሏ ጥሩ ነበረች» አለ ቆይቶ።

ከሳምንት በኋላ ሰመራ ሳለሁ ከአሳይታ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ፈልጎ አገኘኝ። ከአባትየው የተላከ ነው፤ ቆሞ፣ በወጉ፣ ለይቶ ነገረኝ። ያየው፦ ልጁ ከመግሪብ በኋላ ብቻውን እስከ ውኃው በርሜል ሄዶ ተመለሰ፣ ገመዱን ተራምዶ። የሰማው፦ ፍየሏን የገዛው ሰው መልሶ ለመሸጥ ይስማማል፣ የጠየቀው ዋጋ ግን ከተሸጠችበት ይበልጣል።